ተራ አስከባሪው ዶን ኤቫሪስቶ

ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን ተራ አስከባሪ አድርጎ የሾመ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ዳቦ ቤት ብትሄዱ አለ፤ ባንክ ብትሄዱ አለ፤ ለቅሶ ብትሄዱ እንኳ አስከሬን ለመሰናበት የተሰለፈውን ሕዝብ በዓይኑ ሲቆጥር ታገኙታላችሁ። ከፊቱ አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ከገባ የአንገቱ ደም ሥር ይገተራል። ሌላው "አንድ ሰው አይደል፣ ተወው" ብሎ ያልፋል። እሱ አያልፍም። "ዛሬ አንድ ሰው ነው፤ ነገ ወንድሙን ይዞ ይመጣል" ይላል።

የእኛ የሳን ፔርፌክቶ ተራ አስከባሪ ክቡር ዶን ኤቫሪስቶ ሎንጎሪያ ናቸው። ጎሚስታ ናቸው። ሱቃቸው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ ከሱቃቸው እስከ ወንዙ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ከወንዙ ማዶ ሜክሲኮ፣ ከወንዙ ወዲህ ቴክሳስ፤ የሰዉ የአያት ስም ግን ወዲያም ወዲህም አንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተጎራብተናል። ፊት ለፊት "አንተ" ነው የምላቸው። እዚህ አምድ ላይ አንቱ የምላቸው ጋዜጣውን ለደንበኞቻቸው ጮክ ብለው ስለሚያነቡት ነው። ካነበቡ በኋላ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት መምህርት ሆኜ የሰው ደብተር በቀይ ሳቀላ ኖሬ በስተርጅናዬ በጎሚስታ እጅ ወደቅሁ።

ዶን ኤቫሪስቶ ልደታቸውን አያከብሩም። የሚያከብሩት መጋቢት አሥራ ዘጠኝን ነው፤ እዚህ ይኖር የነበረው ታላቅ ወንድማቸው የእሳቸውን የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ያስገባበትን ቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ወንዙ ማዶ የጎማ ከመነዳሪ እየለጠፉ ጠበቁ። ያን ጊዜ ወንዙ በበጋ ከጉልበት አያልፍም ነበር። ጓደኞቻቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ይሻገሩና ለገና በአዲስ ቦት ጫማ ይመለሳሉ።

"አንተ ሞኝ፣ አሁንም እዚሁ ነህ?" ይሏቸዋል።

"አሁንም እዚሁ ነኝ" ይላሉ ዶን ኤቫሪስቶ።

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በድልድዩ ላይ፣ የአባታቸውን ኮት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቅባት ተቀብተው ገቡ። ወረቀታቸውን ያየው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። እሳቸው ግን "እንኳን ደህና መጣህ" ያላቸው ይመስል ዛሬም ድረስ ስለዚያ ሰው በአክብሮት ነው የሚያወሩት።

እንግዲህ ይህን ሰው "ፈጠን ያለ" የሚል ምልክት ያለው የሱፐርማርኬት የክፍያ መስኮት ጋ አስቡት። እስከ አሥር ዕቃ ብቻ ይላል። ከፊታቸው ያለች ሴትዮ አሥራ ሁለት ይዛለች። ዶን ኤቫሪስቶ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። "እመቤቴ፣ አተሩን ነው የሚመልሱት ወይስ ሳሙናውን?" አንዴ በቀድሞው ቄሳችን ቀብር ላይ ከንቲባው ከፎቶ አንሺ ጋር ከፊት ሲገቡ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ኋላ መለሷቸው። "ክቡር ከንቲባ፣ አባታችን የትም አይሄዱም፤ ይደርስዎታል።" ከንቲባው ወደ ኋላ ሄዱ። በሚቀጥለው ምርጫም ተሸነፉ። ዶን ኤቫሪስቶ ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብለው ያምናሉ።

ከሰሜን የሚመጡ ጋዜጠኞች እንደ ቱሪስት መስህብ ነው የሚጎበኟቸው። ከሜክሲኮ መጥቶ ድንበሩ ይጠበቅ የሚል ሰው ለእነሱ ብርቅ ነው፤ እዚህ ግን በየመንገዱ አለ። አንዷ ጋዜጠኛ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠየቀቻቸው። "እርስዎ ከገቡ በኋላ በሩን የዘጉት አይመስልዎትም?"

"በሩን እኔ አልዘጋሁትም" አሉ፣ ጎማውን ከክሪክ ሳያወርዱ። "ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። አንኳኳሁ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ተከፈተልኝ። ታዲያ ስገባ በሩን ነቅዬ ልጣለው?"

ልጅቱ ይህን አልጻፈችም። ስለ ጢማቸው ጻፈች።

ደግሞ ሌላ ቀን ከሩቅ አገር ባንዲራ የሰቀለ ትልቅ መኪና ይዞ አንድ ሰው መጣ፤ ድንበር ለመጠበቅ በራሱ ፈቃድ የመጣ ነው። የዶን ኤቫሪስቶን ዝና ሰምቶ እጃቸውን ሊጨብጥ ገባ። "እነዚህን ሰዎች ማባረር ነው" አለ። ዶን ኤቫሪስቶ "እነዚህ" የሚለው ቃል አልጣማቸውም። "የትኞቹን?" አሉት። ሰውዬው በእጁ መንገዱን በሙሉ አሳየ፤ እኔንም፣ ዳቦ ጋጋሪውንም፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆችንም። ዶን ኤቫሪስቶ መኪናውን ከሱቃቸው ደጅ እንዲያነሳ አዘዙት። "እኔ የማወራው ስለ ሕግ ነው። አንተ የምታወራው ስለ ፊት ነው። ደግሞ ከሌሎቹ ደንበኞች ፊት ነው ያቆምከው።"

በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ የወረዳው ምክር ቤት ለነዋሪ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ዶን ኤቫሪስቶ አሥራ ሦስት ዓመት አንድም ማክሰኞ ሳይቀሩ ተናግረዋል። ንግግሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ድንበሩ ይጠበቅ። በግንብም ቢሆን፣ በካሜራም ቢሆን፣ በሰውም ቢሆን። ሾልኮ የገባ ይመለስ። አዝኜ ነው የምለው፤ ግን እለዋለሁ። ማዶ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አለ። እህቴ ካሲልዳ ወረቀቷን ከጠየቀች ሃያ ዓመት ሆናት። ሾልኮ የገባውን 'ግድ የለም' ባላችሁት ቁጥር 'አንቺ ሞኝ ነሽ' የምትሉት እሷን ነው። ያልተጠበቀ ድንበር ደግሞ የድሃ ወዳጅ አይደለም፤ የደላላ ርስት ነው።"

ቀጥዬ እኔ እነሳለሁ። ወንዝ ውስጥ ለሚሰምጥ ሰው ተራህን ጠብቅ አይባልም እላለሁ፤ ለሃያ ዓመት የማይንቀሳቀስ ሰልፍ ሰልፍ አይደለም እላለሁ። ግማሹ ለሳቸው ያጨበጭባል፣ ግማሹ ለእኔ። ከዚያ በእሳቸው መኪና ወደ ቤት እንመለሳለን።

ካቻምና ጥር ላይ አንድ ባለ ቦት ጫማ ሰውዬ ፒካፕ ይዞ ሱቃቸው መጣ። የኋላው ባሌስትራ እንዲጠናከር፣ ከባድ ጭነት የሚችል ጎማ እንዲገባለት ጠየቀ።

"ምን ልትጭንበት ነው?"

"ሽንኩርት።"

ዶን ኤቫሪስቶ መኪናውን ዞረው አዩት። "ሽንኩርት ለማን ብሎ ነው መስታወቱ በጥቁር የሚሸፈንለት? ይዘህ ሂድ። ሰው እንደ ጆንያ የሚደራረብበት መኪና እዚህ አይሠራም።"

ከሦስት ቀን በኋላ የሱቁ መስኮት በሙሉ ረግፎ አደረ። ዶን ኤቫሪስቶ የመስታወቱን ስብርባሪ ጠረጉ፣ በመስኮቱ ፋንታ ላሜራ መቱበት፣ ላሜራው ላይ በነጭ ቀለም "ክፍት ነው" ብለው ጻፉ።

በወሩ፣ የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ደጄ ላይ አበባ ሳጠጣ አንድ ጎልማሳ እስከ ወገቡ የረጠበ ልብስ እንደለበሰ በሱቁ በር ገባ። ኡባልዶ ነበር፤ የካሲልዳ የመጀመሪያ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። እናቱ ሰልፉ ላይ ስትቆም የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ስሙም በእናቱ ማመልከቻ ውስጥ ነበር። ልጅ ሲያድግ ግን ከወላጁ ማመልከቻ ይወጣል። ሕጉ እንዲህ ነው። እናትየው ቆማ ልጁ አርጅቶ ወጣ።

ዶን ኤቫሪስቶ መጀመሪያ አቀፉት። ከዚያ የራሳቸውን ደረቅ ቱታ አለበሱት፤ ከማዕዘኑ ሱቅ በቶርቲያ ቂጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሥጋ አስመጥተው እስኪጠግብ ጠበቁት። አፉን ሲጠርግ "በል፣ አሁን ወደ ድልድዩ እንሂድ" አሉት።

ልጁ የሰማውን አላመነም። እኔም የአበባ ማጠጫዬን ጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ።

"ኤቫሪስቶ፣ አታፍርም? የእህትህ ልጅ እኮ ነው።"

"የእህቴ ልጅ ስለሆነ ነው" አሉኝ። "አሥራ አንድ ዓመት የሌላው ሰው ልጅ ይመለስ ስል አልነበረም? የእህቴ ልጅ ሲመጣ ዝም ካልኩ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስናገር የነበረው ሕግ አይደለም ማለት ነው። ጥላቻ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሰው አልጠላም።"

"አጎቴ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የቀሩኝ" አለ ኡባልዶ። "እናቴን ሰልፉ ይዟታል። እኔን ግን አስወጥቶኛል። የት ሄጄ ልሰለፍ?"

ዶን ኤቫሪስቶ ዝቅ ባለ ድምፅ "አላውቅም" አሉ። "አልጎትትህም። ፖሊስም አልጠራብህም። በሩ ክፍት ነው፤ የመምህርትም ቤት እዚያ ነው። እኔ ግን አልደብቅህም፣ ስለ አንተም አልዋሽም። ድልድዩ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።"

ኡባልዶ ተከትሎኝ መጣ። የጀርባዬን ክፍል ሰጠሁት። ያን ሳምንት ለዚህ ጋዜጣ የጻፍኩትን አንብባችሁት ይሆናል፤ "አጎት ወይስ ዘበኛ" የሚል ነበር። ዶን ኤቫሪስቶ ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝተውበት ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። በየጠዋቱ ምግብ ይዘው መንገዱን ይሻገራሉ፤ ደጄ ላይ ያስቀምጡታል፤ ደጁን ግን አያልፉም። "ድልድዩ ክፍት ነው" ብለው ይመለሳሉ። ልጁ ምግቡን ይበላል። እኔ ደግሞ በመስኮት አፈጣለሁ።

እሁድ ቀትር ላይ በሬ ተንኳኳ። ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው ብዬ ስከፍት ያ ባለ ቦት ጫማ ሰውዬ ቆሟል። ፒካፑ ከኋላው ነው፤ ባሌስትራውን ሌላ ቦታ አሠርቶታል። ኡባልዶን ያሻገሩት የእሱ ሰዎች ነበሩ።

"ልጁን ጥሪው" አለኝ። "ነገ አንድ መኪና ወደ ሰሜን ይነዳልናል። ውለታ አለበት።"

ኡባልዶ ከኋላዬ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እንዲህ አልተባባልንም" አለ።

"አሁን ተባባልን። ያኛው ሹፌር ተይዟል። ደግሞ እናትህ የት እንዳለች እናውቃለን።"

በሩን ልዘጋ ስል ሰውዬው እግሩን አስገባ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት ስለ ድንበር የጻፍኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። የታየኝ ያ ቦት ጫማ ብቻ ነው።

ዶን ኤቫሪስቶ መንገዱን ሲሻገሩ አልሮጡም። በአንድ እጃቸው የጎማ መፍቻ፣ በሌላው የፕላስቲክ ወንበር ይዘዋል። ወንበሩን ደጄ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበት፤ መፍቻውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

"ወንድሜ፣ ተሳስተሃል" አሉ። "ጎማ የሚሠራው ማዶ ነው።"

"ሽማግሌ፣ አያገባህም። አንተ ራስህ ልትመልሰው ነበር አሉ። አሁን ምን ሆነህ ነው የምትከላከልለት?"

"እኔ የምመልሰው ወደ እናቱ ነው። አንተ የምትወስደው የት ነው?"

ሰውዬው ወደ ፒካፑ ዞር ብሎ አየ።

"ታርጋህን ጽፌዋለሁ። ለፖሊስ ደውያለሁ፤ እየመጡ ነው። ብትቆይ ደስ ይለኛል።"

ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ወጣ። የእሱ ሚስት ወጣች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎችም ቆም ቆም አሉ። ሰውዬው እግሩን ከበሬ አወጣ። መኪናዋ ከከተማ ሳትወጣ ተያዘች፤ ይህን በማግስቱ ሰማን።

ዶን ኤቫሪስቶ ያን ዕለት "ብዬ ነበር" አላሉም። ልበ ሰፊነት አይደለም፤ ሰው ሁሉ እያያቸው መፍቻውን የት እንደሚያስቀምጡ ነበር የሚያስቡት።

ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ኡባልዶ ራሱ ተነስቶ ደጃቸው ላይ ቆመ። "እንሂድ" አላቸው። "ለእርስዎ ብዬ አይደለም።"

"ለእኔ እንዲሆን አልፈልግም" አሉ።

ሦስታችንም በእግር ሄድን። ድልድዩ መሀል ላይ ዶን ኤቫሪስቶ "ማንም አሻራህን አልወሰደም፤ የተባረርክ አይደለህም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቁህ ግን እውነቱን ንገር፤ አራት ቀን ገብቼ ነበር በል" አሉት። ልጁ ቀድሟቸው ማዶ ገባ። እሳቸውም ተከትለውት ተሻግረው እናቱ ደጅ አደረሱት። ካሲልዳ ለልጇ በሩን ከፈተች፤ ለወንድሟ ዘጋችው። ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰልፈው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው በሙሉ ያውቃል። በሱቃቸው አጥር ላይ አንድ ሰው "ይሁዳ" ብሎ ጻፈ። አላጠፉትም። "ሱቁ ለጠፋባቸው ምልክት ይሆናል" አሉ። ካሲልዳ ስልክ አታነሳላቸውም። ገና ሲደርስ የወንድሞቻቸው ቤት ሁሉ የበዓሉ የበቆሎ ጥቅል፣ ታማሌ፣ ሲዘጋጅ እሳቸውን የጠራ አልነበረም። ታማሌ በሳህን ይዤላቸው ሄድኩ፤ ሲበሉ "ቅመሙ አንሷል" አሉኝ።

ከገናው በፊት ግን፣ በዚያው ዓመት በመጋቢቱ ማክሰኞ፣ ምክር ቤቱ ፊት ቀረቡ። አዳራሹ ሞልቷል። "ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በወንዙ ገባ" አሉ። "መልሼዋለሁ። ከእናንተ መሀል ይህን ያደረገ አለ? እንግዲህ አሁን ስሙኝ። ወንዙን ጠብቁ፤ አሁንም እላለሁ፣ እስክሞት እላለሁ። ግን ግንብ ሠርቶ በሩን ለሃያ ዓመት የረሳ አናጺ ሥራውን አልጨረሰም። ጠባቂ አቁሙ፤ በሩ ላይ ደግሞ ፎርም የሚያነብ ሰው አስቀምጡ።" ሦስት ደቂቃው ሳያልቅ ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። ተራዬ ሲደርስ "ይለፈኝ" አልኩ።

በዚያ በጋ ለወቅት የእርሻ ሠራተኞች የሚሰጠውን ፈቃድ ፎርም እኔ ሞላሁ፤ ዶን ኤቫሪስቶ በቀይ አረሙት። ከሰሜን አንድ የሐብሐብ እርሻ ኡባልዶን እንዲቀጥረው እሳቸው ራሳቸው ደውለው ለምነዋል፤ ይህን ልጁ እንዲያውቅ አልፈለጉም። ማዶ ያለው የአሜሪካ ቆንስላ "ያለ ፈቃድ ገብተህ ታውቃለህ?" ብሎ ጠየቀው። ኡባልዶ እውነቱን ተናገረ። ተከለከለ። እኔ ተናድጄ ሁለት ቀን ዶን ኤቫሪስቶን አላናገርኳቸውም። "እውነት ውድ ናት" ሲሉ ከመንገዱ ማዶ ሰማኋቸው፤ ለማን እንዳሉ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ያንኑ እውነት ለሌላ ሠራተኛ ነገረው። ፈቀዱለት። የዚያን ዕለት ካሲልዳ ደወለች፤ ለወንድሟ ሳይሆን ለእኔ። "ልጄ ዛሬ በድልድዩ ያልፋል በይው" አለችኝ። "ጫማውን አያወልቅም በይው።"

ኡባልዶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ዶን ኤቫሪስቶ ከጎማው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ "ከፊትህ ሦስት ሰው አለ" አሉት።

ልጁ ሳቀ። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ሦስተኛው መኪና ሲወጣ ዶን ኤቫሪስቶ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ግራሶው እስኪለቅ፣ ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ አቀፉት። መስኮቴ ላይ ሆኜ ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም፤ ግድግዳቸው ላይ ይለጠፋልና።

አሁንም በአቋሜ ነኝ። እሳቸውም እንደዚያው። ባለፈው ምርጫ እያንዳንዳችን የሌላውን ድምፅ ልናጠፋ ሄድን። ዳሌዬን ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፤ በምርኩዝ ነው የምሄደው። እሳቸው ቀድመው መጥተው በሩ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ እኔ ከአርባ ሰው ኋላ ነኝ። አስተናጋጇ ልጅ "እማማ፣ እርስዎ ወደፊት ይለፉ፣ ሕጉ ይፈቅዳል" አለችኝ። እልህ ይዞኝ እምቢ አልኩ። እሳቸው እያዩኝ አልፌ ልገባ አልችልም።

ዶን ኤቫሪስቶ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሰልፉን ለቀው፣ አርባውንም ሰው አልፈው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

"ምን ሆንክ? ገብተህ አትጨርስም ነበር?" አልኳቸው።

"እጨርሳለሁ።"

"ታዲያ ቢያንስ ከፊቴ ቁም።"

"ተይ መምህርት" አሉኝ። "ብትወድቂ የሚይዝሽ ከኋላሽ ያለ ሰው ነው። ከፊት ያለው አያይሽም።"